ዝናብ የምትፈራው ካሚዮን

የሚቃጠል የመኪና ሽቦ ሽታ ከሌላ ከምንም ሽታ ጋር አይምታታብኝም። ባለፈው ሰሞን ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም ስወጣ የተሳፈርኩበት ታክሲ ከመሪው ሥር ጭስ ጀመረውና ሰው ሁሉ እየተጋፋ ወረደ። እኔ አሮጊቷ ግን ከመቀመጫዬ ሳልነሣ ያንን ሽታ ወደ ውስጥ ሳብኩት። ረዳቱ "እማማ፣ ይውረዱ እንጂ! ሊቃጠሉ ነው?" ብሎ እጄን ይዞ ጎተተኝ። ልጁ ምን ያውቃል? እኔ በዚያች ቅጽበት ጉለሌ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ፣ የአባቴ ካሚዮን መሪ ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ ነበር።

ልጅ እያለሁ አባቴ ሾፌር ነበር። በዚያ ዘመን እኛ ሰፈር የራሱ መኪና ያለው ሐበሻ በጣት የሚቆጠር ነው። የእኛዋ ከፊት ለሁለት ሰው የምትበቃ ጋቢና፣ ከኋላ የሳንቃ ጭነት ማስቀመጫ ያላት ያረጀች ትንሽ የጭነት መኪና ነበረች፤ ሰፈሩ ካሚዮን ይላታል፣ እኛም ካሚዮን አልናት። አባቴ የሸማኔዎችን ጥጥና ማግ ያመላልስባታል። ስትበላሽ ራሱ ይጠግናታል። እናቴ ተዋበች አጠገቡ ቁጢጥ ብላ መፍቻ ታቀብለዋለች፣ የጠፋውን ሽቦ ትፈልግለታለች። ዘመዶቻችን "ሴት ከመኪና ሥር ምን ትሠራለች?" እያሉ ያሟት ነበር። አባቴ ግን እየሳቀ "ፈትል የለመደ እጅ ሽቦ አይጠፋውም" ይላቸዋል።

አባቴ ከወንድም የሚቀርብ አንድ ወዳጅ ነበረው፤ ጥጋቡ ይባላል። ቤቱ ከእኛ ከፍ ብሎ ባሕር ዛፉ ጥግ ነው። አባቴ የጥጋቡን ልጅ ሽፈራውን ክርስትና ስላነሣው አበልጆች ነበሩ። እኔና ሽፈራው ካሚዮኗ ሥር እየተሸሸግን አኩኩሉ ስንጫወት ነው ያደግነው፤ እነሱ ቤት ንፍሮ ከተቀቀለ የእኔ ድርሻ ይቀመጥልኛል። ይህን የማወራችሁ ጥጋቡ ባዕድ እንዳልነበረ እንድታውቁልኝ ነው። ባዕድ ቢሆን ኖሮ ቂሜ እንዲህ ሥር አይሰድም ነበር።

ጣልያን ከተማውን ከያዘ በኋላ፣ በዚያ ደም እንደ ውኃ በፈሰሰበት የካቲት፣ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ወንድ ሲገድሉ አባቴ ቆጥ ላይ ወጥቶ ተሸሸገ። ወታደሮቹ አንድ ጊዜ ገብተው፣ ፈትሸው፣ አጥተውት ሄዱ። ተረፈ ብለን ነበር። ወዲያው ከአጥሩ ውጭ የምናውቀው ድምፅ መጣ።

"አበልጅ! እኔ ነኝ፣ ጥጋቡ። ውረድ፣ አልፏል። ዋስ ሆኜልሃለሁ።"

እናቴ ነጠላውን ጨምድዳ ይዛ "ቆይ እስቲ" ስትለው፣ "ጥጋቡ'ኮ ነው" አላት። ከአባቴ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። ግቢው ውስጥ ጥጋቡ ከወታደሮቹ ጋር ቆሞ ነበር። አባቴን ካሚዮኗ በር ላይ ገደሉት። ከዚያ ጋቢናው ላይ ቤንዚን አርከፍክፈው እሳት ለቀቁበት። ጥጋቡ ፊቱን አዞረና ኮቱን ማራገፍ ጀመረ፤ ጥላሸት እንዳያርፍበት። እነሱ ሲወጡ ጎረቤታችን አያ ዳንሳ አጥሩን ጥሶ ገባ። አያ ዳንሳ ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ ነው፤ ጥጡን የሚያመላልስለት አባቴ ነበር። እሱና እናቴ አፈር እየዛቁ እሳቱን አዳፈኑት፤ ሞተሩም የኋላውም ተረፈ። የሆዳችንን እሳት ያዳፈነልን ግን አልነበረም።

ፋሲካ ሳይደርስ ጥጋቡ ባላምባራስ ሆኖ ብቅ አለ። ጠዋት ጠዋት በበቅሎ በደጃችን ሲያልፍ "እንደምን አደራችሁ?" ይላል። እናቴም ጥቁሯን እንደለበሰች ወገቧን ሰበር አድርጋ እጅ ትነሣዋለች። እጅ ስትነሣው ሳይ እንባዬ ይመጣ ነበር። ንዴት የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያወቅሁት በእናቴ ነው። የንስሐ አባታችን አንድ ቀን ቤታችን መጥተው፣ "ተዋበች፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ለእግዚአብሔር ስጪው" አሏት። እናቴም፣ "እንግዲያው ጸሎቱ ይቆየኝ፣ አባቴ" አለቻቸው። ያን ዕለት ነው እናቴ የእኔ ወገን መሆኗን ያወቅሁት።

በሚቀጥለው በጋ "ካሚዮኗ ትነሣለች" አለች። የምንበላው አልነበረንም፤ ሌላ ቅርስም የለንም። እሳቱ የበላው ሽቦውን ነው። የዚያን ጊዜ የመኪና ሽቦ በጎማና በጥጥ ክር የተሸፈነ ነበር፤ ጎማው ቀልጦ፣ ክሩ አሮ፣ ራቁቱን የቀረው መዳብ ከመሪው ሥር እንደ ዶሮ አንጀት ተንጠልጥሏል። አያ ዳንሳ ለአንድ ጣልያን ሾፌር ጋቢ ሰጥቶ ባትሪ አመጣልን። እናቴ የአሮጌ ጎማ ከለመዳሪ፣ ነፋስ የሚሞላውን የውስጥ ላስቲክ፣ በቀጭኑ ቀደደች፤ መዳቡን በእሱ ጠቀለልነውና በላዩ ክር ጠመጠምንበት። አያ ዳንሳ ሽቦዎቹ እንዳይምታቱ ከጥለት ክሩ ቀለም እየመረጠ ቋጠረባቸው፤ ቀዩ ለመብራት፣ አረንጓዴው ለጡሩምባ፣ ቢጫው ለሞተሩ እሳት።

ከመሪው ሥር የምትገባዋ እኔ ነበርኩ፤ ትንሿ እኔ ስለሆንኩ። እናቴ አንዲት ትንሽ አምፖል ላይ ሁለት ሽቦ አሰረችልኝ። አንዱን ከመኪናዋ ብረት፣ ሌላውን ከምንፈትሸው ሽቦ አስነካለሁ። አምፖሏ ከበራች ኃይሉ እዚያ ድረስ ደርሷል፤ ካልበራች ከኋላ የሆነ ቦታ ተቋርጧል።

"በራ?" ትለኛለች ከውጭ።

"አልበራም!"

"ወደ ኋላ ተመለሺ። አትዝለይ፤ እየዳሰስሽ ነው መመለስ።"

እየዳሰስኩ እመለሳለሁ። ጥላሸቱ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ አፌ አመድ አመድ ይላል። አንዳንዴ በሩ ላይ የቀረውን የጥይት ቀዳዳ በጣቴ እነካውና ሥራዬን እቀጥላለሁ። ሰፈርተኛው "ያቺ ልጅ ወንድ ሆነች" ይል ነበር። ይበል። ሌሎች ልጆች ፀሐይ ላይ ቅልሞሽ ሲጫወቱ እኔ የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ እንደ ዳዊት በቃሌ አጠናሁ።

ሞተሩ ከፊት በሚሰካው ማዞሪያ ብረት፣ በማኖቤላ፣ ተዘውሮ የተነሣ ቀን እናቴ መፍቻውን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። ደስታችን አልቆየም። የበልግ ካፊያ መጣና ካሚዮኗ ሁለቴ አስላ ጸጥ አለች። ፀሐይ ሲወጣ ተነሣች፤ ዳግመኛ ሲያካፋ ጠፋች። እናቴ ክዳኑን ከፍታ በላዩ ውኃ አፈሰሰችና ጎንበስ ብላ ተመለከተች። የሞተሩ ክዳን መሐል ላይ በሚታጠፍበት ስንጥቅ በኩል ውኃው ጠብ የሚለው ቤንዚኑን ወደሚለኩሱት ካንዴላዎች እሳት የሚወስደው ወፍራም ሽቦ ላይ ነው። እዚያ ላይ ከለመዳሪው ስላልበቃን በክር ብቻ ነበር የጠመጠምነው። ደረቅ ክር እሳቱን ይይዘዋል፤ የራሰ ክር ግን ያፈስና አጠገቡ ላለው ብረት ይሰጠዋል። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የተራረፈ ጧፍ ለምና አመጣች፤ ሰሙን አቅልጠን ክሩን ነከርነው። ከዚያ በኋላ ውኃ ቢፈስባትም ሞተሯ አይጠፋም። ግቢያችን ለብዙ ቀን የቅዳሴ ሽታ ይሸት ነበር።

የቀረችን አንዲት ችግር ነበረች። ጡሩምባውን ስንጫን ጡሩምባው ዝም ይላል፤ የፊት መብራቶቹ ግን ፈዘዝ ብለው ይበራሉ። ቀዩንም አረንጓዴውንም ፈትቼ አሰርኩ፤ የትም አልተበጠሰም፣ የትም አልተነካካም። እናቴ ንዴቷን በመፍቻው ላይ ተወጣች። አያ ዳንሳ ከሸማ ሥራው ጉድጓድ ወጥቶ ሲያየን ቆየና፣ "እትዬ ተዋበች፣ ክሩ ደኅና ከሆነ ካስማውን ማየት ነው። ድር ከካስማው ከተፈታ ሸማው ሁሉ ይሰባሰባል" አላት። እናቴ ብድግ አለች። የጡሩምባውና የፊት መብራቶቹ ሽቦ በአንድነት የመኪናዋ ብረት ላይ የሚታሰርበትን ብሎን ፈታችው። ከሥሩ ዝገትና የተቃጠለ ቀለም ተጋግሮበታል፤ ኃይሉ መመለሻ መንገድ አጥቶ በመብራቶቹ በኩል ሲሹለከለክ ኖሯል። በቢላ ፋቀችው፣ አጥብቃ አሰረችው፣ "ተጫኚ" አለችኝ። ጡሩምባው ጉለሌን አናጋት። ዶሮዎቹ ጣሪያ ላይ ወጡ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ያ ጡሩምባ ባሕር ዛፉ ጥግም ተሰማ። በማግስቱ ባላምባራስ ጥጋቡ ከአንድ ጣልያን መኮንንና ከአስተርጓሚ ጋር መጣ። እንጦጦ ላይ ላለው ምሽግ ስንቅና ጥይት የሚያወጣ መኪና እንደሚያስፈልግ፣ እሱም ጭነቱን እንዲያደርስ እንደተሾመ ነገረን። መኮንኑ ካሚዮኗን ዞሮ ዞሮ አይቶ በአስተርጓሚው በኩል ማን እንደጠገናት ጠየቀ። እናቴ አፏን ሳትከፍት ጥጋቡ ቀደማት።

"እኔ ነኝ ቆሜ ያሠራኋት። እያንዳንዷን ሽቦ አውቃታለሁ። ለዚህች መኪና ዋስዋ እኔ ነኝ።"

ዋስ። ያንን ቃል ከአፉ ስሰማው ሁለተኛዬ ነበር። እናቴን አየኋት። ፊቷ ላይ አንዳች ነገር አልፎ ጠፋ፤ ከዚያ እንደ ልማዷ እጅ ነሣችው።

"ይሁን፣ ባላምባራስ። ድሮስ ከእርስዎ እጅ የት ታመልጣለች? ብቻ የሽቦው ሥራ ጥቂት ይቀረዋል፤ እስከ ቅዳሜ ይታገሱኝ።"

"ብልህ ነሽ፣ አበልጅ" አላት። ጉንጬንም በጣቱ ነካ አድርጎኝ ሄደ። ጉንጬን በአመድ አጠብኩት።

በሩ ሲዘጋ እናቴ አያ ዳንሳን ጠራችው። የምታስበውን ስትነግረው ሰውየው ጭንቅላቱን ያዘ።

"እትዬ፣ ይሄ ከተነቃ ሦስታችንም እንሰቀላለን። ይቺ ልጅስ?"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ምን ትያለሽ?" አለችኝ። ትልቅ ሰው የእኔን ሐሳብ ሲጠይቅ ያ የመጀመሪያው ነው።

"ሽቦውን እኔ ልጠምጥመው" አልኳት።

አያ ዳንሳ ጣቶቼን አገላብጦ አየ። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄዶ ያልተቀባ ነጭ ጥጥ በቀሰም ይዞ መጣና በእጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ቀኑን ሙሉ የሸማ መሥሪያውን አለወትሮው እያስጮኸ ሲሠራ ዋለ፤ እኛ ግቢ የሚሠራው እንዳይሰማ። እኔ ሞተሩ ላይ ተጋድሜ በሰም የተነከረውን ክር ከዚያ ወፍራም ሽቦ ላይ ፈታሁት፤ ደረቁን ነጭ ክር አሳምሬ ጠመጠምኩበት። አዲስነቱ እንዳያስታውቅ ጥላሸት አሸሁበት። እናቴ ሽቦውን ብረቱ ላይ ጠጋ አድርጋ አሰረችው። በየዙሩ በልቤ "ውረድ፣ አልፏል" እል ነበር።

ቅዳሜ የጣልያን መካኒክ መጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አስነሣት፣ አጠፋት፣ መብራቱን አበራ፣ ጡሩምባውን ነፋ፣ ክዳኑን ገልጦ አየ፤ "ብራቮ፣ ባላምባራስ" አለው። ጥጋቡ ሾፌር ቀጥሮ ራሱ አባቴ ወንበር አጠገብ፣ እናቴ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ተቀመጠና ወጡ። እናቴ አቧራው እስኪሰክን ቆማ አየች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ዝናብ የመጠበቂያ ቀናት ነበሩ። ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የማየው ሰማዩን ነው። ሰኔ ሲገባ ዶፉ ወረደ። ካሚዮኗ ዳገቱ መሐል ላይ ቆመች፤ ጭነቱን በሰው ሸክም አወጡት። መካኒኮቹ ጎትተው ጣሪያ ሥር አገቧት፤ እስኪመረምሯት ክሩ ደረቀና አንዴ ሲያዞሯት ተነሣች። እንደገና ዘነበ፣ እንደገና ቆመች። እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ ሴቶች ቤታችን ውኃ ለመጠጣት አረፍ ይሉ ነበር። እናቴ ከእነሱ ለአንዲቱ፣ ወንድሟ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ላለባት፣ በጆሮዋ እንዲህ አለቻት፦ "ዝናብ በዘነበ ቁጥር ያቺ ካሚዮን ዳገቱ ላይ ትቆማለች። ለወንድምሽ ይህን ብቻ ንገሪው።"

ሐምሌ ላይ ጥይት የጫነች ቀን ሰማዩ ተቀደደ። ተኩሱ እስከ ቤታችን ተሰማ። አርበኞቹ አጃቢዎቹን ጥለው፣ ጭነቱን ወስደው፣ ካሚዮኗን ወደ ገደል ለቀቋት። እናቴ ይህን ስትሰማ የአባቴ ነገር ሁሉ ማለቁ ገባትና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ጥጋቡ ግን አልሞተም። ተኩሱ ሲጀመር ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ አንዲት ጭረት ሳይነካው ተመለሰ። ጣልያኖቹም፣ ሌላው ሁሉ ሲሞት አንተ እንዴት ዳንክ፣ መኪናዋስ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ የምትቆመው ለምንድን ነው፣ ዋስዋ አንተ አይደለህም ወይ፣ እያሉ ያፋጥጡት ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው፣ ረፋድ ላይ፣ ከአጥራችን ውጭ ያ ድምፅ መጣ።

"አበልጅ! እኔ ነኝ፣ ጥጋቡ።"

እናቴ ወጣች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። በቅሎዋ የለችም። ኮቱ ጭቃ ነው፣ ጢሙ አድጓል።

"ሽቦው ነው" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አስቤ አስቤ ደረስኩበት። ሽቦው ላይ የሆነ ነገር አድርጋችኋል። ነይና ለመኮንኑ ንገሪልኝ፤ እኔ እንደማላውቅ ንገሪልኝ። አለዚያ ይሰቅሉኛል።"

"እኔ ሴት ነኝ" አለችው። "ስለ ሽቦ ምን አውቃለሁ?"

"እናገራለሁ! አንቺ ነሽ የሠራሻት እላቸዋለሁ!"

"በላቸው። መካኒካቸው ፊት፣ መኮንናቸው ፊት 'እኔ ነኝ ቆሜ ያሠራኋት' ያልከው አንተ ነህ። አሁን ተነሥተህ፣ የሠራቻት የገደልከው ሰው ሚስት ናት ብትላቸው ማን ያምንሃል? ካሚዮኗም ገደል ገብታለች።"

አንተ አለችው። ከዚያ የካቲት ጀምሮ አንቱ ስትለው ኖራ፣ አንተ አለችው። ጥጋቡ በጉልበቱ ወረደ። "ሽፈራውን አስቢ፤ ባልሽ ክርስትና ያነሣውን ልጅ አስቢ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ልጄ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ስትሠሪ አይቼሻለሁ። እባክሽ፣ አንድ ቃል ተናገሪልኝ።"

"አባቴንም እርስዎ እንዲሁ ከበሩ ቆመው ጠርተውት ነበር" አልኩት።

እናቴ በሩን ዘጋችና መቀርቀሪያውን ጣለች። ብዙ ደቂቃ ሲያንኳኳ ቆየ፤ እኛ ከውስጥ ቆመን ሰማነው። ከሰዓት በኋላ ወታደሮች ወሰዱት። ሰቀሉት የሚል ወሬ መጣ፤ ሬሳውን ያየ ግን አልነበረም። እናቴ ያን ዕለት ጥቁሯን አወለቀች። አያ ዳንሳ የሸመነላትን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ቁጭ ብላ፣ ጥርግ አድርጋ በላች። ፊቷን ሳየው ደስታ አልነበረም፤ ሸክም አውርዶ ትከሻውን የሚያሽ ሰው ፊት ነበር። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ልዋሽ አልችልም፤ እንደ ማር ነበር የጣፈጠኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ምንጭ ላይ ሽፈራውን አገኘሁት። ጥቁር የተነከረ ሸማ አልብሰውታል። ጠጋ አለኝና "አኩኩሉ እንጫወት?" አለኝ። እንስራዬን አንሥቼ "እናቴ ትጠራኛለች" ብዬው ሄድኩ። እናቱ ወዲያው ወደ አገሯ ይዛው ገባች፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ስለ እሱ አንዳንድ ጊዜ አዝናለሁ። ስለ አባቱ አዝኜ አላውቅም።

የአሁኑ የንስሐ አባቴ ልጅ እግር ናቸው። ሊያናዝዙኝ ሲመጡ "እማማ፣ የቀረ ነገር የለም?" ይሉኛል። "የለም፣ አባቴ" እላቸዋለሁ። ያልተጸጸትኩበትን ምን ብዬ ልናዘዘው?

ጉለሌም ያቺ ጉለሌ አይደለችም። ያ ዳገት አስፋልት ሆኗል፤ ታክሲዎች ጧት ማታ እየተጋፉ ይወጡበታል፤ በክረምት ዶፍ ውስጥ ማንም የሚቆም የለም። ሽሮ ሜዳ የአያ ዳንሳ አገር ልጆች ሱቅ በሱቅ ሆነዋል። ልጄ አሮጌ ፒክአፕ አለችው፤ ስትበላሽበት ለጋራዥ ሰጥቷት ይመጣል እንጂ ከሥሯ አይገባም። እሑድ እሑድ ግቢ ውስጥ ትንሿን ልጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ መሪውን ያስይዛታል። እሷም ጡሩምባውን እየተጫነች በሳቅ ትፈርሳለች፤ ጎረቤት ቢቆጣ ግድ የላትም። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። ዕድሜዋ ያኔ እኔ የነበርኩበት ነው። "አያቴ፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ መኪና ታውቂ ነበር?" ትለኛለች። "ኧረ የት አውቄ" እላታለሁ። የእኔ እጅ በእሷ ዕድሜ ያወቀውን እሷ ማወቅ የለባትም። አባቷ አለላት።